የጋሽ አስራት ዝናብ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ አሥራ ሦስት ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ደቂቃ ላይ ቦንጋ ውስጥ በአንድ ሰፈር መብራት ጠፋ። በዚያ ሰፈር በሚገኝ አንድ ቤት፣ ድምፅ አመንጪው አካል ተነቅሎ ሰሃን ላይ የተቀመጠ መሣሪያ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ድምፅ ሲያሰማ ቆየ። በቤቱ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፣ አንዷ ተኝተው ነበር።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት የሬዲዮ ዜና ስሠራ፣ ጣራው ላይ ድንጋይ የሚዘንብበት ቤት አለ ተብሎ ቢታ ገነት ድረስ ተልኬ፣ ሁለት ሌሊት አድሬ፣ ድንጋዩ የጎረቤት አቮካዶ መሆኑን ከነዛፉ ፎቶ አንስቼ የተመለስኩ ሰው ነኝ፣ የቤቱ ባለቤት እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ከአቮካዶ ይልቅ ሰይጣን ይሻላቸው ነበር መሰለኝ። ስለዚህ የማወራችሁ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ነው፣ ያላረጋገጥኩት ነገር ካለ አላረጋገጥኩም እላችኋለሁ።

ቤቱ የጋሽ አስራት ነው። ጋሽ አስራት የጣቢያችን የድምፅ ቴክኒሽያን ነበሩ፣ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል። እኔ ማይክሮፎን በየት በኩል እንደሚያዝ ሳላውቅ ስቀጠር እሳቸው በሥራው አርጅተውበት ነበር፣ እና ሁለት ነገር አስተማሩኝ። የመጀመሪያው፣ አንድን ሰው ከማነጋገሬ በፊት የክፍሉን ዝምታ ለአንድ ደቂቃ እንድቀዳ ነው፣ ለቅንብር ይጠቅማል፣ የተቆረጠ ቦታ ይሞላበታል። እሳቸው ግን እንደዚያ አይሉም፣ «ወሬው የሰውየው ነው፣ ዝምታው የቤቱ ነው፣ መጀመሪያ ቤቱን አስፈቅድ» ይሉ ነበር። አንድ ክረምት ደካ ለስብሰባ ሄደን፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ጋሽ አስራት ጣታቸውን ወደ ላይ አንስተው «አንድ ደቂቃ ዝምታ» ሲሉ፣ መድረክ ላይ የነበሩት ሰብሳቢ የሕሊና ጸሎት መስሏቸው ብድግ አሉ፣ ሰውም ሁሉ ተከትሎ ቆመ፣ ኮፍያ ወለቀ፣ እኛም ደንግጠን ቆምን። ደቂቃው ሲያበቃ ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ለመሆኑ ማን ሞቶ ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ አስራት የመቅጃውን ቁልፍ እየተጫኑ፣ «ለጊዜው ማንም» አሉ። ያቺ ካሴት አሁንም አለችኝ፣ የሦስት መቶ ሰው ዝምታ ምን እንደሚመስል ማወቅ የፈለገ መጥቶ መስማት ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት፣ ድምፅ እንደማይቆረጥ ነው። ሙዚቃም ይሁን የዝናብ ድምፅ፣ ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ጠፍቶ አያውቅም፣ እጃቸውን መቆጣጠሪያው ላይ አድርገው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከአንድ እስከ ስምንት ቆጥረው ነው የሚያወርዱት። «እንግዳ እኮ ነው፣ በላይ፣ በር ዘግተህበት አትመለስም፣ እስከ ደጅ ትሸኘዋለህ» ይሉኝ ነበር። እመኑኝ፣ ዛሬ በኮምፒውተር ስሠራ እንኳ ጣቴ ስምንት ሳይቆጥር አይነሳም።

ያን ጊዜ ጣቢያችን ሳምንታዊ ድራማ ነበረው፣ ዝናብም ንፋስም ወንዝም ያስፈልገዋል፣ የሚገዛበት ግን የለም። ጋሽ አስራት ከተጣሉ ሬዲዮኖችና ከአሮጌ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔቶች ተነስተው አንድ ሲንተሳይዘር ሠሩ። አሁን በሱቅ እንደምታዩት የፒያኖ ቁልፍ ያለው አይደለም፣ የእንጨት መደርደሪያ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ሳጥኖች ናቸው፣ እያንዳንዱ ሳጥን አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል፣ አንዱ ድምፅ ይሰጣል፣ አንዱ ድምፁን ያወፍራል፣ አንዱ ቀስ አድርጎ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ እርስ በርስ የሚገናኙት በገመድ ነው። ከሁሉም የምወደው ሿ የሚለውን ሳጥን ነበር። ብቻውን ሲከፈት ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ ነው፣ በጋሽ አስራት እጅ ግን የቦንጋ የሐምሌ ዝናብ ይሆናል፣ በቆርቆሮ ላይ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ፣ እንደ ፍላጎትህ። በዚህ አካባቢ አሁን ጎልማሳ የሆነ ሁሉ ልጅ ሳለ በዚያ ዝናብ ስቱዲዮ ውስጥ የበሰበሱ ገጸ ባሕርያትን ሰምቶ አዝኗል።

ጣቢያው ኮምፒውተር ሲያስገባ መሣሪያው ከአገልግሎት ውጪ ተባለና ጋሽ አስራት አስፈቅደው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። እዚያ ሌላ ሥራ አገኘ። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ቡና መቀሸሪያ ማሽን ሥር ብዙ ዓመት ሠርተው ጆሯቸው ተጎድቶ ነበር፣ መስማቱን ይሰማሉ፣ ግን ውስጡ ፌንጣ እንደገባበት ቀንና ሌሊት ይጮህባቸዋል፣ ጸጥ ሲል ይብስባቸዋል፣ ሐኪም «ይለመዳል» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ጋሽ አስራት አንድ ምሽት ሿ ባዩን ሳጥን ከስፒከር ጋር አገናኝተው ከአልጋው ራስጌ አስቀመጡት፣ ፌንጣው ዝናቡ ውስጥ ጠፋ፣ እትዬ አልማዝ ተኙ። ከዚያ ወዲህ ያለዚያ ሳጥን ተኝተው አያውቁም፣ ባላቸው ከሞቱም በኋላ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሳጥኑ መንተፋተፍ ጀመረ፣ ቀጥሎ እንደ ፈንዲሻ ጧ ጧ አለ፣ ቀጥሎ ዝም። እትዬ አልማዝ ዐሥራ አንድ ቀን በቅጡ ሳይተኙ ሰነበቱ። ልጠይቃቸው ስሄድ ዓይናቸው ሰርጉዶ፣ ጨው ነው ብለው ስኳር ወጥ ላይ ሲጨምሩ አገኘኋቸው። ጅማ ያለች ልጃቸው ምሕረት ሰኞ መጥታ ልትወስዳቸው ቆርጣለች፣ ቤቱም ይከራያል።

«ጅማ ምን ይጎድልብዎታል፣ ልጅዎ ናት» አልኳቸው።

«ልጄ ደግ ናት» አሉ። «ግን ጅማ ሄጄ በጠዋት ተነስቼ የማንን በር እከፍታለሁ? የእሷን በር የምትከፍተው ሠራተኛዋ ናት። እዚህ ግን ቤቱ እኔን ይጠብቃል።»

ቤታቸው የሚቀሩት ከተኙ ብቻ ነበር፣ ለመተኛት ደግሞ ሳጥኑ መሠራት አለበት። ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር፣ ከደሴ ተመድቦ የመጣ ዮናታን የሚባል ወጣት መምህር አውቃለሁ፣ ለመንኩት፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቴስተሩንና የብየዳ ብረቱን ይዞ መጣ። ዮናታን እንደኔው ነው፣ ካልለካ አያምንም። ከመፍታቱ በፊት መሣሪያውን ከሦስት በኩል ፎቶ አነሳ፣ «ስገጥመው ብሎን ከተረፈኝ ለፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን ነው» አለ። እኔ ስለ መሣሪያው አጭር ዝግጅት ለመሥራት አስቤ ነበርና መቅጃዬን ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩ፣ በልማዴም ሁለቱንም ለአንድ ደቂቃ ዝም በሉ አልኳቸው። እትዬ አልማዝ ክፍሉን ከሚከፍለው መጋረጃ ወዲያ ወንበራቸው ላይ ሆነው «አስራትን መሰልክ» አሉ፣ ከዚያ ዝም አሉ።

ዮናታን ኃይሉን ለካ፣ ትክክል ነው፣ ዐሥራ ሁለት ቮልት። ሳጥኑን ከፈተ፣ አምፖል አስጠግቼ ያዝኩለት። ትንሽ አይቶ ሳቀ።

«ጋሽ በላይ፣ አገኘሁት። ይቺ ትራንዚስተር ተገልብጣ ነው የተበየደችው፣ አንዱ እግሯ ደግሞ ተቆርጦ አየር ላይ ቀርቷል። እስከ ዛሬ መሥራቷ ራሱ ተአምር ነው።»

ከኪሱ አዲስ ትራንዚስተር አውጥቶ፣ በሥርዓቱ፣ ሦስቱንም እግር በየቦታው፣ ንጹሕ አድርጎ በየደ። አበራው። ምንም። ገመድ ለወጠ፣ ምንም። እትዬ አልማዝ ከወዲያ፣ «እሱ ሲሠራ ደብተሩን እያየ ነበር፣ እናንተ የምታዩት ምንድን ነው?» አሉ።

ደብተሩ መሳቢያው ውስጥ ነበር። የሳጥኑ ሥዕል ባለበት ገጽ ግርጌ ጋሽ አስራት በዚያ በተጠነቀቀ ጽሑፋቸው እንዲህ ብለዋል፦ «ይህች የተገለበጠችው ታውቆ ነው። እግሯ የተቆረጠው ታውቆ ነው። የምታርም ወንድሜ ሆይ፣ አታርም።»

«ሰውዬው ከመቃብር ሆነው ሰደቡኝ» አለ ዮናታን።

ጽሑፉ ይቀጥላል፣ በትክክል የተገጠመ ትራንዚስተር ዝም ይላል፣ ሲገለበጥ ግን ጥቂት ኤሌክትሪክ በግድ ያልፍበትና ይንጫጫል፣ ያ ጥቃቅን ጫጫታ በሌላ ክፍል ተባዝቶ ነው ዝናብ የሚሆነው። ሁሉም ትራንዚስተር እኩል አይንጫጫም፣ ጥሩው ተገልብጦም ጨዋ ነው፣ ለዝናብ የሚሆነው ፋብሪካ ሊጥለው ሲገባ ያመለጠው ነው። ጋሽ አስራት ከስንት ሬዲዮ ነቅለው እየሞከሩ እንዲህ ያሉትን በከረሜላ ጣሳ አጠራቅመዋል፣ ጣሳው ላይ «ባለጌዎች» የሚል ተለጥፏል።

«ፋብሪካ የጣለውን ሁሉ ይለቅም ነበር» አሉ እትዬ አልማዝ፣ «እኔንም እንደዚያው ነው ያገኘኝ።» ዐሥራ አንድ ቀን ያልተኛ ሰው ሲስቅ ድምፁ እንዴት እንደሚደክም ያን ጊዜ ሰማሁ።

ዮናታን የራሱን ትራንዚስተር ነቅሎ፣ ከአሮጌዋ ጋር የስኒ ሰሃን ላይ አስቀመጣት። ከባለጌዎቹ አንዱን ከመግጠሙ በፊት ግን፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ማብራት ፈለገ፣ የሚያባዛው ክፍል ራሱ ችግር ካለበት በዚያ ይታወቃል፣ ትክክለኛ አሠራር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ስድስት ላይ አበራው። መጀመሪያ ዝም ነበር። ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ከተራራው ወዲያ ሲሰማ እንደሚጀምረው፣ ቀስ እያለ እየቀረበ፣ ሿ አለ።

«አባዢው ነው» አለ ዮናታን፣ «እሱ ነው የተበላሸው።» ጣቱን ሰደደና አባዢውን ቺፕ ከመሰኪያው ነቅሎ ሰሃኑ ላይ ጨመረው። ሿሿታው አልተለወጠም። የስፒከሩን ገመድ ተመለከተ፣ ወደ ሌላ ሳጥን የሄደ እንደሆነ ብሎ ዳበሰው፣ አልሄደም። በሩን ከፍቼ ሰማዩን አየሁ፣ ደመና አለ፣ ዝናብ ግን የለም፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ጎረቤት ልብስ አስጥታለች።

በዚህ መካከል እትዬ አልማዝ ስለ ቆጮው እየነገሩን ነበር፣ «ስትጨርሱ ከአይቡ ጋር» አሉና አረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ጭንቅላታቸው የወንበሩ መደገፊያ ላይ ዘንበል ብሏል፣ እጃቸው ተከፍቷል፣ እያንኮራፉ ነበር።

ተመልሼ ለዮናታን በእጄ ምልክት ሰጠሁት። የሚቀጥለው ነገር የተከሰተው ያኔ ነው። ከታች መንገድ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ውሎ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ፣ የያዝኩት አምፖል ጠፋ፣ የመሣሪያው ቀይ መብራትም ጠፋ። ሰዓቴን አየሁ፣ ዘጠኝ ከሠላሳ ስምንት። ዝናቡ ቀጠለ።

«የተጠራቀመ ኃይል ነው» አለ ዮናታን በሹክሹክታ፣ «ሦስት ሰከንድ ይቆያል፣ ቢበዛ አምስት።» ቆጠርን። መቶ ላይ መቁጠሩን ተወው። ቴስተሩን አንስቶ የኃይሉን መግቢያ ለካ፣ ቁጥሩን እኔም አንብቤዋለሁ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ነበር። ሶኬቱንም ከግድግዳው ነቀለው። የዮናታን ግንባር ላቦ ነበር፣ ካቻቢቴውን አንስቶ ወደ ስፒከሩ ገመድ ሄደ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ልነቅለው ነዋ። ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብን። እርስዎ አይደሉም እንዴ ካልተረጋገጠ የሚሉት?»

እጁን ያዝኩት። በሥራ ዘመኔ ማጣራት የሚቻልን ነገር እንዳይጣራ የከለከልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ተኝተዋል» አልኩት። ወደ መጋረጃው አየ፣ ካቻቢቴውን አስቀመጠ።

እንዲሁ ተቀመጥን። ስለ ሰዓቱ ርዝመት ምን ልበላችሁ፣ ፍርሃት እንደሚባለው ብርድ ብርድ አላለኝም፣ የመጣብኝ ሌላ ነገር ነው። ዝናቡን አውቀዋለሁ። ድራማው ላይ ሽማግሌው አባት ልጁን ፍለጋ በሌሊት የወጣበት ክፍል አለ፣ ጋሽ አስራት ለዚያ የሠሩት ዝናብ እንሰት ላይ የሚወርድ ነው፣ ወፈር ያለ፣ መካከሉ ላይ ነፋስ የሚገፋው። ያን ቀን እኔ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ነበርኩ፣ ጸጉሬ ጥቁር ነበር፣ ጋሽ አስራት ሻይ ይዘው በአንድ እጃቸው ነበር ዝናቡን የሚነዱት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አድርጎ የሠራው ሰው የለም። እኔ ባለሁበት ወንበር ላይ ሆኜ ነፋሱ መቼ እንደሚገፋው ቀድሜ አውቅ ነበር፣ አልተሳሳትኩም።

ዐሥር ሰዓት ሊሆን ዐሥር ሲቀረው የእትዬ አልማዝ ስልክ ጠራ፣ ሮጬ አነሳሁት፣ ምሕረት ናት።

«እናትሽ ተኝተዋል» አልኳት።

«ጋሽ በላይ፣ እንዳይሸነግሉኝ» አለች።

ስልኩን ወደ ወንበሩ አስጠግቼ ማንኮራፋቱን አሰማኋት። ስትመለስ ድምፅዋ ተለውጧል።

«ዝናቡ ይሰማኛል» አለች። «የአባዬ ዝናብ። ሠራችሁት ማለት ነው።»

«እየሠራን ነው» አልኩ። እውነት ነው፣ እየሠራን ነበር።

ዐሥር ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ የዝናቡ ድምፅ ዝቅ ማለት ጀመረ። አልተቆረጠም። ዮናታን ብድግ አለ፣ እኔ ሳላስበው ከንፈሬ መቁጠር ጀምሮ ነበር፣ አንድ፣ ሁለት፣ እየራቀ ሄደ፣ ስምንት ላይ አልቋል። ከደጅ የዶሮ ድምፅ ገባ። እትዬ አልማዝ ወዲያው ነቁ፣ ፊታቸው የወንበሩን ክር ምልክት ይዟል።

«ማን አጠፋው?» አሉ።

«መብራት ሄደ» አልኩ።

«መቼ?»

«አሁን።»

ዮናታን አየኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሰዓትን በተመለከተ አውቄ የዋሸሁት ያቺን አንዲት ጊዜ ነው፣ እሷንም እነሆ አርሜያለሁ።

መብራት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተመለሰ። ዮናታን ቺፑን መለሰ፣ ከጣሳው ባለጌዎችን አንድ በአንድ እየገለበጠ ሞከረ፣ ሦስተኛው ተንጫጫ፣ ሳጥኑ ተሠራ፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። ምሕረት ሰኞ መጣች፣ እናቷ እንደ ሕፃን ሲተኙ ሁለት ሌሊት አየች፣ ረቡዕ ብቻዋን ተመለሰች። ቤቱ አልተከራየም፣ እትዬ አልማዝ በራቸውን በጠዋት ይከፍታሉ።

እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ማጣራት የምችለውን አጣራሁ። ከመብራት ሠራተኞች አንዱን ጠየቅኩት፣ መስመሩ ላይ ዛፍ ወድቆ ሰፈሩ በሙሉ ከዘጠኝ ከሠላሳ ስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ከሃያ ተቋርጦ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤትም ይህንኑ ነገሩኝ፣ ያልተፈጨ እህል ይዘው ያመሹ ሰዎችን ስም እየጠሩ። መቅጃዬ ሥራውን ሠርቷል፣ ወፍጮው ሲቆም ይሰማል፣ የዮናታን ቆጠራ ይሰማል፣ ማንኮራፋቱ ይሰማል፣ ዝናቡም አለ። ለማንም አላሰማሁትም። ዮናታን በመስከረም ተዛውሮ ሲሄድ «ይጻፉት፣ ስሜን ግን ይቀይሩ» ብሎኛል፣ ቀይሬዋለሁ።

ባለፈው እሑድ እትዬ አልማዝን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ደህና ናቸው፣ ወፍረዋል። ስወጣ እንደ ልማዳቸው እስከ ደጅ ሸኙኝ፣ አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆም አሉ።

«ሳጥኗ ደህና ናት» አሉኝ። «ጠዋት ሳጠፋት ግን ቀጭ ብላ ነው የምትቆረጠው። ያን ቀን መብራት ሲሄድ ግን ቀስ ብላ ስትርቅ በእንቅልፌ ሰምቻታለሁ፣ እንዴት አድርጋችኋት ነው?»

እስቲ ዮናታንን ልጠይቀው አልኳቸው።

ዮናታን ሥራ ሳይጀምር ያነሳውን ፎቶ ልኮልኝ ስልኬ ውስጥ አለ። ድምፅን ቀስ አድርጎ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሳጥን በላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ገመዱ ከሁለቱም ጫፍ ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ተንጠልጥሏል።